ግሪዱን ባጠበብኩ ቁጥር ጥቅልሉ ለምን ይለወጣል? የጣርማ በር ጉም እና የኬልቪን-ሄልምሆልትዝ ሲሙሌሽን

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ከጣርማ በር አፋፍ ወደ ይፋት ቆላ ስንመለከት ጉሙ ከታች ተኝቶ ላዩ ላይ በተርታ የሚጠቀለሉ ማዕበሎች ይታያሉ። የኬልቪን-ሄልምሆልትዝ አለመረጋጋት (በተለያየ ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት አየሮች ድንበር ላይ የሚነሳ ማዕበል) ነው ብዬ በፓይተን ራሴ በጻፍኩት ኮድ በሁለት ዳይሜንሽን ልሠራው ሞከርኩ። ከላይ አንድ ፍጥነት፣ ከታች ሌላ ፍጥነት ሰጥቼ መሐል ላይ በድንገት እንዲቀየር አደረግኩ። በ128 የግሪድ ነጥብ (ስሌቱ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ጥቂት ትልልቅ ጥቅልሎች ይወጣሉ፤ በ256 ቁጥራቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በ512 ደቃቅ ነገር ይሞላዋል። ትንሽ ሲቆይ ቁጥሮቹ ይፈነዳሉ። እንዳይፈነዳ አፕዊንድ (ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለውን ነጥብ የሚያነብ ዘዴ) ስጠቀም ማዕበሉ ይሟሽሻል፤ በሌላ ሶፍትዌር ኬ-ኤፕሲሎን የሚባለውን የተርቡለንስ (የተዘበራረቀ ፍሰት) ሞዴል ጨምሬ ስሞክር ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ላፕቶፔ 16 ጊጋባይት ራም አለው። የትኛው ነው ትክክሉ? ምን ላስተካክል?»

ምላሽ፦

ወንድማችን፣ ትክክሉ የትኛው ነው ለሚለው መልሱ «አንዱም» ነው። ጥፋቱ ግን በዋናነት የኮዱ አይደለም። ለኮምፒውተሩ ያቀረብክለት ጥያቄ ራሱ አንድ መልስ የለውም።

ሄልምሆልትዝ በ1868፣ ኬልቪን በ1871 ያጠኑት ልክ አንተ የሰጠኸውን፣ ውፍረት የሌለው ድንገተኛ የፍጥነት ዝላይ ነው። በዚያ ፍሰት የአንድ ሞገድ የዕድገት መጠን የፍጥነት ልዩነቱ ግማሽ በሞገድ ቁጥሩ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ የሞገድ ቁጥር ማለት 6.28 ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል ነው። እንግዲህ ሞገዱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር በእጥፍ ፈጥኖ ያድጋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ወሰን የለውም። ኮምፒውተርህ ሊይዘው የሚችለው አጭሩ ሞገድ ሁልጊዜ ቀዳሚ ይሆናል፤ አጭሩ ሞገድ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ግሪድህ ነው። ግሪዱን ስታጠብ ትክክለኝነት የጨመርክ ይመስልሃል እንጂ የጨመርከው ከበፊቱ ይበልጥ የሚፈጥን አዲስ ሞገድ ነው። ጥቅልሎቹን የወለዳቸው ነፋሱ ሳይሆን የነጥቦችህ ርቀት ስለሆነ፣ በ2048 ነጥብ ብትሠራውም የሚረጋ ነገር አታገኝም።

ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ሁለት ነገር መስጠት አለብህ፤ የመሸጋገሪያው ንብርብር ውፍረት እና ዝልግልግነት (የአየሩ የውስጥ ሰበቃ)። ነፋሱ ከታችኛው ፍጥነት ወደ ላይኛው በሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ቅርጽ፣ ማለትም በለስላሳ የኤስ ኩርባ፣ ይሸጋገር። የፍጥነት ልዩነቱን ግማሽ «ፍ»፣ የንብርብሩን ውፍረት ግማሽ «ው» እንበላቸው። ከማዕበሉ ጋር አብሮ እንደሚጓዝ ተመልካች ስናየው ላይኛው አየር በ+ፍ፣ ታችኛው በ−ፍ ይሄዳል። ለዚህ ቅርጽ ሚካልኬ በ1964 ያወጣቸው ሁለት ቁጥሮች የሥራህ ሁሉ መለኪያ ናቸው። ዝልግልግነት በሌለበት ከሁሉ ፈጥኖ የሚያድገው ሞገድ የሞገድ ቁጥሩ በው ሲባዛ 0.4446 የሚሆነው ነው፤ የዕድገት መጠኑም 0.1897 በፍ ተባዝቶ ለው የተካፈለው ነው። ርዝመቱ 14.13 ው ይሆናል፤ ከሙሉው ውፍረት 7 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ከ6.28 ው ያጠረ ሞገድ ጭራሽ አያድግም። ወሰን ያጣው ችግር በዚህ ወሰን አገኘ፤ አሁን ግሪድ ማጥበብ ትርጉም አለው።

ወደ ጣርማ በር እንምጣ። የምሰጥህ የነፋስና የሙቀት ቁጥሮች የተለኩ ሳይሆኑ ለማስላት የተወሰዱ ናቸው። የንብርብሩ ሙሉ ውፍረት 40 ሜትር፣ የነፋሱ ልዩነት 8 ሜትር በሰከንድ ይሁን። ው 20 ሜትር፣ ፍ 4 ሜትር በሰከንድ ሆነ። የማዕበሉ ርዝመት 283 ሜትር ገደማ ይወጣል። በየ26 ሰከንዱ 2.7 እጥፍ ያድጋል፤ ከመቶ አንድ የሆነች መነሻ ወደ ሙሉ ጥቅልል ለመድረስ 2 ደቂቃ ይበቃታል። አፋፉ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው በዓይኑ ሊከታተለው የሚችለው ፍጥነት ነው።

የጉሙ አየር ከላዩ በ2 ዲግሪ ይቀዝቅዝ እንበል። ከባድ አየር ከታች፣ ቀላል አየር ከላይ ሲሆን ማዕበሉ ለመነሳት ክብደት ማንሳት አለበት፤ ይህን የሚመዝነው ሪቻርድሰን ቁጥር ነው። ለእኛ ቅርጽ የሙቀት ልዩነቱ ግማሽ በስበት ፍጥንጥነትና በው ተባዝቶ፣ ለሙቀቱና ለፍ ካሬ ብዜት ይካፈላል። ሙቀቱ ፖቴንሻል ቴምፐሬቸር (አየሩ ወደ ባሕር ወለል ግፊት ገደማ ቢወርድ የሚኖረው ሙቀት) መሆን አለበት፤ በዚያ ከፍታ ወደ 313 ኬልቪን ነው፤ 283 ብለህ አታስገባ። ውጤቱ 0.04 ይመጣል። ማይልስና ሃዋርድ በ1961 እንዳረጋገጡት ይህ ቁጥር በየትኛውም ከፍታ ከ0.25 ካልወረደ አለመረጋጋቱ አይነሳም። እኛ ከዚያ በጣም ዝቅ ብለናል፤ ማዕበሉ ይነሳል። በዚያው የሙቀት ልዩነት የነፋሱ ልዩነት ከ8 ወደ 3 ሜትር በሰከንድ ቢወርድ ግን ቁጥሩ ከ0.25 ያልፋል፤ ጉሙም እንደ ረጋ እርጎ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። አንዳንድ ጠዋት ማዕበል የሚታየው፣ አንዳንድ ጠዋት የማይታየው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ ያየኸው ነገር በእርግጥ ኬልቪን-ሄልምሆልትዝ መሆኑን በስልክህ አጣራ። ከጣርማ በር ወይም ከምኒልክ መስኮት ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፈህ ጥቂት ደቂቃ ቅረጽ። ማዕበሎቹ ከላይኛውና ከታችኛው ነፋስ አማካይ ጋር እየተጓዙ ከሄዱና ርዝመታቸው በመቶዎች ሜትር ከሆነ ጉዳይህ ይኸው ነው። ተራራው ላይ እንደተሰኩ ባሉበት ከቆሙ ግን የተራራ ሞገዶች ናቸው፤ የእነሱ ርዝመት በኪሎ ሜትር ነው የሚቆጠረው። በ8 ሜትር በሰከንድ ነፋስና በተለመደ የከባቢ አየር እርከን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ለዚያ የሚሠራው ሲሙሌሽን ሌላ ነው፤ የመሬቱን ቅርጽ ማስገባት ይጠይቃል። ርዝመቱን ከቪዲዮው ለመገመት በካርታ የምታውቀው ርቀት ያላቸው ሁለት ኮረብታዎች በፍሬሙ ውስጥ ይኑሩ። የማዕበሉን ርዝመት ለ7 ስታካፍል የንብርብሩን ሙሉ ውፍረት ታገኛለህ፤ ፊኛ ሳታስወጣ ልታገኘው የምትችለው ምርጡ ግምት እሱ ነው። ማዕበሎቹ አድገው መዋሃድ ከጀመሩ በኋላ ከለካህ ግን ውፍረቱን ታጋንነዋለህ፤ ገና ሲነሱ ለካ።

አሁን ሬይኖልድስ ቁጥር፤ የፍሰቱ ጉልበት ከዝልግልግነቱ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚናገረው። መጽሐፍ ላይ ያለው የአየር ዝልግልግነት፣ 1.5 × 10⁻⁵ ሜትር ካሬ በሰከንድ፣ የባሕር ወለል ነው። ከ3000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ 2 × 10⁻⁵ ያህል ውሰድ። ፍ በው ተባዝቶ ለዚህ ሲካፈል 4 ሚሊዮን ይሆናል። በኮልሞጎሮቭ የ1941 ሚዛን መሠረት ተርቡለንሱን እስከ ትንሿ ሽክርክሪት ድረስ ለመያዝ የሚያስፈልገው የነጥብ ብዛት እንደ ሬይኖልድስ ቁጥር 9/4ኛ ኃይል ያድጋል። ለ4 ሚሊዮን ወደ 7 × 10¹⁴ ነጥብ ነው፤ አንድ የፍጥነት አካል ብቻ ለማስቀመጥ ከ5 ሚሊዮን ጊጋባይት በላይ ይፈጃል። የአንተ 16 ነው። ስለዚህ የጉሙን ትክክለኛ ሬይኖልድስ ቁጥር እርሳው፤ በ1000 ጀምር። በዚህ አታፍርም። የመጀመሪያው ዕድገትና የጥቅልሉ ቅርጽ በ1000 እና በ4 ሚሊዮን መካከል ብዙም አይለያይም፤ የሚለያየው ከተሰበረ በኋላ ያለው ደቃቅ ነገር ነው። በጽሑፍህ ላይ ግን «የጣርማ በርን ጉም አስመሰልኩ» ሳይሆን «በሬይኖልድስ 1000 ተመሳሳይ ንብርብር ሠራሁ» ብለህ ጻፍ።

ኮዱ ውስጥ በሜትርና በሰከንድ አትሥራ። ፍ እና ው ሁለቱም 1 ይሁኑ፤ ዝልግልግነቱ 1 ለሬይኖልድስ ሲካፈል 0.001 ይሆናል፤ አንድ የጊዜ አሃድ በእኛ ምሳሌ 5 ሰከንድ ነው። የሳጥኑ አግድም ርዝመት 14.13፣ የግራና የቀኙ ወሰን ተደጋጋሚ፤ ከፍታው ከ−10 እስከ +10፣ ላይና ታቹ አየር የማያሳልፍ፣ ግን አየሩ በጎኑ እንዳይንሸራተት የማያግድ ግድግዳ። ግድግዳውን ወደ 5 ካቀረብከው ሞገዱ ወሰኑን ነክቶ ሲመለስ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከመቶ አንድ ይሆናል፤ በ10 ከአሥር ሺህ አንድ ገደማ ነው። ስፔክትራል ኮድ (ፍሰቱን በሞገዶች ድምር የሚገልጽ) የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ አለ፤ ከፍታውንም ተደጋጋሚ ያደርጉታል። ያኔ ላይኛው +1 ከታችኛው −1 ጋር ወሰኑ ላይ ይገናኝና የማታየው ሁለተኛ ድንገተኛ ዝላይ ይፈጠራል። መሐል ያለው ማዕበልህ ገና ሳይነሳ ወሰኑ ላይ ያለው ይፈነዳል። የአንተም ፍንዳታ ከሳጥኑ ላይኛው ወይም ታችኛው ጠርዝ የሚጀምር ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልግ።

የሚፈቱት እኩልታዎች የቡሲኔስክ ይሁኑ፤ አየሩ የማይታመቅ፣ የእፍግታ ልዩነቱ በክብደት ላይ ብቻ የሚታይ። የሚታመቅ አየር ኮድ ብትጠቀም የድምፅ ሞገድ የጊዜ እርምጃህን ያሳጥረዋል፤ ድምፅ በዚያ ሙቀት 337 ሜትር በሰከንድ ስለሚጓዝ ለ4 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ስትል 80 እጥፍ የሚበልጥ እርምጃ ትከፍላለህ። ፍጥነትና ግፊትን አንድ ነጥብ ላይ አታስቀምጥ። ግፊቱ በሕዋሱ (በግሪዱ ትንሽ ሳጥን) መሐል፣ ፍጥነቶቹ በሕዋሱ ጎኖች ላይ ይሁኑ። ሃርሎውና ዌልች በ1965 ያመጡት አቀማመጥ ነው፤ አንድ ላይ ካስቀመጥካቸው ግፊቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ እየሆነ ይዥጎረጎራል፤ ኮዱም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ስለ ፍንዳታው። ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። የመጀመሪያው ማዕከላዊ ልዩነትን (ግራና ቀኝ ያሉትን ነጥቦች እኩል የሚያነብ ዘዴ) ከወደፊት ኦይለር (አሁን ካለው ዋጋ ብቻ ወደሚቀጥለው ጊዜ የሚዘል ዘዴ) ጋር ማጣመር ነው። ይህ ጥምረት ለንጹህ ጉዞ በየትኛውም የጊዜ እርምጃ የተረጋጋ አይደለም፤ እርምጃውን ብታሳንሰው ፍንዳታውን ታዘገየዋለህ እንጂ አታስቀረውም። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ (በአንድ እርምጃ ውስጥ ደጋግሞ የሚያሰላ ዘዴ) ተጠቀም። እርምጃው የነጥቦቹ ርቀት ግማሽ ለከፍተኛው ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ይሁን። በ512 ነጥብ ርቀቱ 0.0276 ስለሆነ እርምጃው 0.01 ገደማ ይመጣል። የዝልግልግነቱ ገደብ፣ የርቀቱ ካሬ ለ4 እጥፍ ዝልግልግነት ሲካፈል፣ 0.19 ነው፤ ስለዚህ በዚህ ሬይኖልድስ የሚያስጨንቅህ እሱ አይደለም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ስፔክትራል ኮድ ለሚጠቀም ሰው ነው፤ ሁለት ሞገዶች ሲባዙ ግሪዱ የማይዘውን አጭር ሞገድ ይወልዳሉ፤ ግሪዱ ደግሞ እሱን ረጅም ሞገድ አድርጎ ያነበዋል። በየብዜቱ ከከፍተኛው የሞገድ ቁጥር አንድ ሦስተኛውን ዜሮ አድርግ፤ ከ512 ነጥብ እስከ 170ኛው ሞገድ ብቻ ታስቀራለህ። ፍንዳታው የሚመጣው ጥቅልሉ ሊዘጋ ሲል ከሆነ ይህን ጠርጥር፤ ከመነሻው ጀምሮ ቀስ እያለ የሚከማች ከሆነ ኦይለርን።

አፕዊንድ ማዕበልህን የገደለው እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ አፕዊንድ ስህተቱ ራሱ ዝልግልግነት ይመስላል፤ መጠኑም የፍጥነቱና የነጥብ ርቀቱ ብዜት ግማሽ ያህል ነው። በ256 ነጥብ ርቀቱ 0.055 ስለሆነ ስውሩ ዝልግልግነት 0.0276 ይሆናል። ፋይልህ ላይ ሬይኖልድስ 1000 ብለህ ጽፈሃል፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ግን በ36 ነው። በ36 ንብርብሩ ራሱ ማዕበሉ ሳያድግ ይደልባል። ሥዕሉ ለስላሳና የማይፈነዳ ስለሆነ ያማልላል፤ በግሌ ከሚፈነዳ ኮድ ይልቅ ይህን እፈራለሁ፤ የሚፈነዳው ቢያንስ ይናገራል።

ምን ያህል ነጥብ ይበቃል? መጽሐፍት ላይ የምታገኘው «በአንድ ሕዋስ ሬይኖልድስ ቁጥር ከ2 አይብለጥ» የሚል ደንብ እዚህ ከ7000 ነጥብ በላይ ይጠይቅሃል፤ እዚህ ግን አያስፈልግም። የሚወስነው በሁለት ጥቅልሎች መካከል የሚወጠረው ቀጭን ክር ነው። ጥቅልሎቹ ክሩን እየጎተቱ ያሳሱታል፤ ዝልግልግነት ያወፍረዋል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ የክሩ ግማሽ ውፍረት ዝልግልግነቱ ለመወጠሪያው መጠን ሲካፈል ያለው ካሬ ሥር ነው። መወጠሪያውን 0.3 ብትወስደው በሬይኖልድስ 1000 ወደ 0.06 ይመጣል። በ256 ነጥብ ሙሉ ክሩ ላይ 2 ነጥብ ያርፋል፤ አይበቃም። በ512 4፣ በ1024 8 ነጥብ ነው። ስለዚህ 512ን ለሥራ፣ 1024ን ለማረጋገጫ ያዝ። ከፍታውም ተመሳሳይ ርቀት ይኑረው። በሁለት ዳይሜንሽን ይህ ለላፕቶፕህ ቀላል ነው፤ 1024 በ1450 ነጥብ አንድ መስክ 12 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ሬይኖልድሱን 4 እጥፍ ካሳደግክ የክሩ ውፍረት በግማሽ ይወርዳል፤ ነጥቡም በየአቅጣጫው እጥፍ ይሁን።

መነሻ ረብሻው ላይ ብዙ ሰው ቸልተኛ ነው፤ ምንም ሳይሰጡ ማዕበሉ በራሱ እስኪነሳ የሚጠብቁም አሉ። በራሱ ይነሳል፤ ከኮምፒውተሩ የማጠጋጊያ ስህተት። ግን 10⁻¹⁶ የሆነ ስህተት ለማደግ ወደ 190 የጊዜ አሃድ ይፈጅበታል፤ 0.01 የሆነ መነሻ 24 ይበቃዋል። በዚያ ላይ የማጠጋጊያ ስህተት ግሪድ በቀየርክ ቁጥር የተለየ ነው። ራንደም ቁጥር በየነጥቡ መጨመርም ያው ነው፤ 512ቱ ላይ የዘራኸው ዘር 256ቱ ላይ ከዘራኸው ጋር አንድ አይደለም። አንድ ኮሳይን ሞገድ፣ ርዝመቱ የሳጥኑ፣ ቁመቱ ለቁልቁል (ወደ ላይና ወደ ታች ለሆነው) ፍጥነት 0.01፣ ከመሐል ሲርቅ የሚጠፋ ስጥ። ፍጥነቶቹን በቀጥታ ሳይሆን ከስትሪምፈንክሽን (ፍጥነቶቹ አየሩን እንዳያምቁ አድርጎ ከሚሰጥ ፈንክሽን) አውጣቸው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው የግፊት እርምጃ ያስገባኸውን ረብሻ ያዛባዋል። ቁጥሮቹ በ64 ቢት ይሁኑ፤ በ32 ቢት 10⁻⁷ የሆነ ጫጫታ ከመነሻህ ጋር አብሮ ያድጋል።

እዚህ ከደረስክ በኋላ ቆንጆ ሥዕል ከማየትህ በፊት አንድ ቁጥር አውጣ። የሙቀቱን ልዩነት ዜሮ አድርገህ፣ የቁልቁል ፍጥነቱን ካሬ አማካይ በየጊዜው መዝግብ፤ ሎጋሪዝሙን ከጊዜ ጋር ሳለው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት የጊዜ አሃዶች መንገራገጭ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር ታያለህ። የመስመሩ ዘንባላ የዕድገቱ እጥፍ ነው፤ ካሬ ስለወሰድክ። ግማሹን አለማድረግ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው፤ 0.38 አግኝቶ ኮዴ ተበላሸ የሚል ተማሪ አይጠፋም። ግማሹ ከ0.19 በጥቂት በመቶ ዝቅ ብሎ መምጣት አለበት፤ ምክንያቱም በሬይኖልድስ 1000 ንብርብሩ ራሱ እስከ 30ኛው የጊዜ አሃድ 6 በመቶ ያህል ይወፍራል። ይህን ለማስወገድ ለዚህ ፈተና ብቻ ከመሠረታዊው ፍሰት የዝልግልግነቱን ተጽዕኖ ቀንስለት። መነሻውን 0.01 ሳይሆን 0.001 ብታደርገው ቀጥ ያለው መስመር ይረዝምልሃል። ቁጥርህ 0.12 ወይም 0.25 ከሆነ ሌላ ምንም አትሥራ፤ ተመልሰህ ኮዱን ፈትሽ። ቀጥሎ የሳጥኑን ርዝመት ወደ 6 አሳጥረው፤ ማዕበሉ መሞት አለበት። ሳጥኑን መልሰህ የሙቀት ልዩነቱን ሪቻርድሰን 0.3 እንዲሆን አድርግ፤ አሁንም መሞት አለበት። በእነዚህ ሁለት ፈተናዎች ላይ የሚያድግ ማዕበል ካየህ ከፊዚክሱ የመጣ አይደለም።

አንድ ሌላ ፈተና ጥሩ ስለሆነ ልጨምር። በሁለት ዳይሜንሽን፣ የሙቀት ልዩነት በሌለበት፣ የቮርቲሲቲ (በየነጥቡ ያለው መሽከርከር) ከፍተኛ መጠን ከመነሻው ሊበልጥ አይችልም፤ እኩልታው አይፈቅድለትም። መነሻህ ከ1 ጥቂት ይበልጣል። በሂደት 1.3 ካየህ፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ክሩ ላይ ያለው ነጥብ አንሷል። ሙቀቱ ሲገባ ይህ ሕግ ይፈርሳል፤ ያኔ በምትኩ ሙቀቱ ራሱ ከ−1 እና +1 ውጭ እንዳይወጣ ተመልከት።

ተርቡለንስ የሚባለው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በሁለት ዳይሜንሽን ደግሞ አይመጣም። በሁለት ዳይሜንሽን ኃይል ወደ ትንንሽ ሽክርክሪት አይፈስም፤ ሽክርክሪቶች እየተዋሃዱ ይተልቃሉ። ሳጥንህ 28.3 ከሆነ ሁለት ጥቅልል ይይዛል፤ ረብሻው ውስጥ የሳጥኑን ርዝመት የሚያህል ትንሽ ሞገድ ካለ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በ14.13 ሳጥን ውስጥ አንዱ ብቻውን ስለሆነ የሚዋሃደው የለውም። ስለዚህ የሳጥኑ ርዝመት ውጤቱን ይወስናል፤ ሳይገለጽ መታለፍ የለበትም። በእውነተኛው ጉም ላይ ጥቅልሉ ከባዱን አየር ከቀላሉ በላይ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ የተገለበጠው አየር በሦስተኛው አቅጣጫ በኩል ይናዳል፤ ተርቡለንሱን የሚወልደው ይህ መናድ ነው። ጥቅልሉ በዓይንህ ፊት የሚበታተነው ለዚህ ነው።

ሦስት ዳይሜንሽን ልሥራ ካልክ ሒሳቡን አስቀድመህ አስላ። 512 በ256 በ768 ነጥብ 100 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ አንድ መስክ 0.8 ጊጋባይት፤ የሩንጌ-ኩታ መሃለኛ ቅጂዎችን ጨምሮ ከ10 መስክ በላይ ትይዛለህ። 16 ጊጋባይቱ ላይ ጠርዝ ላይ ነህ። እስከ 150 የጊዜ አሃድ ለመድረስ 15,000 እርምጃ ያስፈልጋል፤ አንዱ እርምጃ 1 ደቂቃ ቢፈጅ 10 ቀን ከ10 ሰዓት ነው። በየአቅጣጫው ግማሽ ብታደርገው የነጥቡ ብዛት በ8፣ የእርምጃው ቁጥር በ2 ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሰዓት ይወርዳል። ለዚያ ግሪድ ሬይኖልድሱን ወደ 300 አውርደው፤ ክሩ ላይ ያለው ነጥብ እንዲበቃ። በሦስተኛው አቅጣጫ ረብሻ መጨመር አትርሳ። ካልጨመርክ ፍሰቱ በዚያ አቅጣጫ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀጥላል፤ ከ100 እጥፍ በላይ ከፍለህ ሁለት ዳይሜንሽን ታገኛለህ። በየነጥቡ ራንደም ሳይሆን ቋሚ ፌዝ (የሞገዱ መነሻ ቦታ) ያላቸው ጥቂት ሳይን ሞገዶች ስጠው፤ ቁመታቸው ከዋናው መነሻ አንድ አሥረኛ ያህል ይበቃል።

ኬ-ኤፕሲሎን ሞዴሉ አልተበላሸም፤ ያላስተማሩትን ነው የጠየቅከው። ሞዴሉ የተሠራው ተርቡለንሱ አስቀድሞ ሙሉ ለሆነበት ፍሰት፣ አማካዩን ብቻ ለመስጠት ነው። የተርቡለንስ ዝልግልግነቱን ከ0.09 ጊዜ ኬ (የተርቡለንሱ ኃይል) ካሬ ለኤፕሲሎን (የኃይሉ ብክነት መጠን) አውጥቶ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ይጭንብሃል። ኬ 0.05፣ ኤፕሲሎን 0.01 ብለህ ብትነሳ 0.0225 ነው፤ ሬይኖልድስ 44 ማለት ነው። ማዕበሉን መጨቆኑ ሥራው ነው። የአለመረጋጋቱን መነሳት ማየት ከፈለግህ አትጠቀምበት።

ትልልቁን ሽክርክሪት አስልቶ ትንንሹን ብቻ በሞዴል የሚተካው ዘዴ፣ ኤል ኢ ኤስ የሚሉት፣ ለ4 ሚሊዮኑ ሬይኖልድስ መሄጃህ ነው። ግን ስማጎሪንስኪ በ1963 ያቀረበው ሞዴል ተርቡለንስ ባይኖርም ነፋሱ ስለተለዋወጠ ብቻ ዝልግልግነት ይጨምራል። ኮኤፊሸንቱ 0.17፣ የነጥብ ርቀቱ 0.5 ከሆነ መሐል ላይ 0.0072 ይጭናል፤ ሬይኖልድስ 140 ያህል ነው፤ ዕድገቱን በግልጽ ያዘገያል። ርቀቱን ወደ 0.055 ካጠበብከው 0.0001 እንኳ አይሞላም፤ ችግር የለውም። በግማሽ ንብርብር ውስጥ ከ10 ነጥብ በታች ይዘህ ስማጎሪንስኪን አትጠቀም፤ ኮኤፊሸንቱን ከፍሰቱ ራሱ የሚያወጣውን ዳይናሚክ ዓይነት ውሰድ። ከዚያ ያው የዕድገት ፈተና፤ ሞዴሉ በርቶ ሳለ ከ0.19 ጋር ካልተቀራረበ ሞዴሉ ገና ያልተፈጠረ ተርቡለንስ እየጨመረ ነው።

ራስህ የጻፍከው ኮድ ለመማር ጥሩ ነው። ለቴሲሱ ግን ዴዳለስ የሚባለውን እኩልታ ፈቺ ሶፍትዌር አብረህ አስኪደው፤ ነፃ ነው፤ በፓይተን እኩልታውን እንደ ጽሑፍ ትሰጠዋለህ፤ በስፔክትራል ዘዴ፣ በፉሪየርና በቼቢሼቭ ፈንክሽኖች ድምር፣ ይሠራልሃል። ኦፐንፎምም ነፃ ነው፤ ከስሪቱ ጋር በሚመጡት ምሳሌዎች ውስጥ ያለውን የአፕዊንድ ቅንብር ሳታነብ ከገለበጥከው ግን ያው 36ቱ ሬይኖልድስ ላይ ትወድቃለህ። ሁለት የተለያዩ ኮዶች በአንድ መነሻ፣ በ512 ነጥብ፣ እስከ 40ኛው የጊዜ አሃድ የሚደራረብ ሥዕል ከሰጡህ ተቆጣጣሪህ ፊት በሰላም ትቆማለህ። ከዚያ በኋላ በሦስት ዳይሜንሽን ሽክርክሪት በሽክርክሪት መመሳሰልን አትጠብቅ፤ ትንሽ ልዩነት በፍጥነት ያድጋል። የሚነጻጸረው አማካይ ነገር ነው፤ የንብርብሩ ውፍረት ከጊዜ ጋር፣ የኃይል ብክነቱ፣ የሙቀት መደባለቁ።

ረጅም ሩጫ ላፕቶፕ ላይ የምታስኬድ ከሆነ መብራት ይጠፋብሃል ብለህ ጀምር። በየ10 የጊዜ አሃዱ የፍጥነቱንና የሙቀቱን መስክ ከሰዓቱ ጋር ሙሉ በ64 ቢት አስቀምጥ፤ ሁለት ፋይል ይኑሩህና ተራ በተራ ጻፍባቸው፤ በአንዱ ላይ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ሌላኛው ሙሉ ነው። ስታስጀምረው መልሶ መነሳቱን አስቀድመህ ፈትን፤ 20 እርምጃ ሳያቋርጡ መሄድና በ10ኛው አቋርጦ መቀጠል እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ውጤት መስጠት አለባቸው። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ማሽኑ አይግልም ብለህ አትዘናጋ፤ በ2800 ሜትር አየሩ የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በየዙሩ የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ማሽኑ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ የ16 ሰዓቱም ሥራ 25 ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፤ ሁሉንም ኮር ከመጫን አንዱን ተውለት።